ለየኔታ የተነበበ የኦፔራ ወሬ

በእኛ ከተማ እንግሊዝኛ ማወቅ ሙያ አይደለም፤ ቅጣት ነው። ይህን የምለው ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስለሆነ አትከራከሩኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የፈረንጅ ፊደል የተጻፈበት ነገር የገዛ፣ የተላከለት ወይም መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ሁሉ መጨረሻው የእኔ በር ነው። ለበርበሬው በሽታ መድኃኒት የገዛው ገበሬ ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል፤ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱ እንደሚሠራም እንድምልለት ይፈልጋል። የስልክ ቻርጀር ገዝቶ አልሠራ ያለው ጎረምሳ ካርቶኑን ይዞ መጥቶ ነበር። ጽሑፉ ቻይንኛ መሆኑን ብነግረው «ታዲያ ቲቸር አይደሉም እንዴ?» አለኝ፤ አስተያየቱ ደሞዜን በከንቱ የበላሁ ዓይነት ነበር።

ይህን ሁሉ ችያለሁ። መነጽሬን አደርጋለሁ፣ አነባለሁ፣ እመረቃለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ። ኦፔራ ግን በዛብኝ።

ኦፔራ ደግሞ ምንድን ነው ለምትሉ፣ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእናንተ የተሻልኩ አልነበርኩም። ሰዎች የሚጣሉትም፣ የሚታረቁትም፣ በሩን ዝጊው የሚባባሉትም በዜማ የሆነበት ቲያትር ማለት ነው። ሰውዬው ደረቱን በጩቤ ይወጋል። እንደ እኔና እንደ እናንተ ወድቆ እንደመሞት ሩብ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ያዜማል። ሐኪም እንጥራ የሚል አንድ ሰው እንኳን የለም። ይልቅ ጎረቤቶቹ ዙሪያውን ቆመው ይቀበሉታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማይክራፎን የሚባል ነገር የለም፤ ያን ሁሉ መሣሪያ አልፎ አዳራሹ ጫፍ ድረስ የሚሰማው የሰው ጉሮሮ ብቻ ነው። ይህን ይህንንስ ወድጄላቸዋለሁ። እኛ አገር ለሃምሳ ሰው ሠርግ የሚከራየውን የድምፅ ማጉያ ሳስብ እነዚያ ፈረንጆች ይመረቁ እላለሁ።

ይህ ነገር እኔ ላይ የመጣው በውባንቺ በኩል ነው። ውባንቺ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር ዜማ የሚያስተምሩት የመሪጌታ ይኄይስ የመጨረሻ ልጅ ናት። እኔም እንደ አገሬው ሰው የኔታ ነው የምላቸው። አባትየው ለደቀ መዛሙርቱ ዜማ ሲያስቀጽሉ እሷ ከአጥሩ ወዲህ በርበሬ እየቀነጠሰች ሁሉን በጆሮዋ ቀዳችው። እኔ ያኔ ቡሬ ሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዋ ነበርኩ። አዲስ አበባ ወርዳ ሙዚቃ ተማረች፤ ከዚያ እንግሊዝ አገር የነጻ ትምህርት ዕድል ተገኘ። ቅጹን የሞላሁላት እኔ ነኝ። ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል። እዚያ ተምራ ስትጨርስ አንድ ትልቅ የኦፔራ ቤት ወሰዳት፤ መጀመሪያ ከአጃቢዎች ጋር፣ ቆይቶም ትንንሽ ቦታ እየተሰጣት ብቻዋን መዝፈን ጀመረች።

ወሬው ፍኖተ ሰላም የገባው በእኔው ቸልተኝነት ነው። አንድ ቀን ከመናኸሪያው አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ጌትነት አንገቴን በምላጭ ይዞኝ ሳለ ከውባንቺ የድምፅ መልእክት ገባ። እጄን ይቁረጠውና ከፈትኩት። ልጅቱ ስለ መሥሪያ ቤቷ ያለውን ሐሜት በሙሉ ለእኔ ስታወራ ቤቱ ሙሉ ደንበኛ ጆሮውን አቁሞ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ፀጉር ቤት የኦፔራ ሸንጎ ሆነ። ዋናዋ ዘፋኝ በወር ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን አመመኝ ብላ ትቀራለች አሉ። ግማሹ «ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት አፏን ከፍታ ቆማ ቡዳ እንዴት አይበላት» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ስንፍና ነው፣ አንድ ቀን ዳማከሴ ቢያጠጧት ሁለተኛ አትቀርም ባይ ነው። ወንዱ ዘፋኝ ከኦርኬስትራው መሪ ጋር ተኳርፏል፤ ሰውዬው ቀጭን ዱላ ይዞ ፊቱ ላይ እያወናጨፈ ዝፈን ሲባል እንዴት አይኮርፍ ተባለ። ትርኢቱን ያዘጋጀው ሰው ንጉሡን ቱታ አልብሶ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ማስቀመጡ ሲሰማ ግን ፍኖተ ሰላም አንድ ልብ ሆነች። ነውር ነው ተባለ። ከጅጋ የመጣ አንድ እህል ነጋዴ እንዲያውም ንጉሥ በቱታ የሚባል ነገር ሲሰማ ተናድዶ ፀጉሩ በግማሽ እንደተቆረጠ ሊወጣ ሲል ጌትነት ነው ይዞ ያስቀመጠው።

መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው እንዴት አደሩ ማለቱን ትቶ «ያቺ ሴትዮ ጉሮሮዋን ተሻላት?» ይለኝ ጀመር። የእኔን ስኳር በሽታ የሚጠይቅ ጠፋ። አይ ሰው!

በዚህ መሐል ቁም ነገሩ መጣ። ጉሮሮዋን የሚያማት ሴትዮ ቤቱን ለቀቀች፤ ለሚቀጥለው ዓመት ትርኢት የእሷን ቦታ ውባንቺ እንድትይዝ ተጠየቀች። አስቡት፤ ዋናዋ እሷ ልትሆን ነው። ውባንቺ ግን አልፈርምም አለች። ከቤት ስትወጣ አባቷ ሂጂም አትሂጂም አላሏትም ነበር። ዝም ነው ያሏት። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ጤናዋን ይጠይቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ይነግሯታል፣ ስለ ዘፈኑ አንድ ቃል አይወጣቸውም። «ጋሼ፣ ትንሹን ቦታ ያለ ምርቃት ዘፈንኩት፤ ይህንን ግን አባቴ ሳይመርቁኝ ብቆም ድምፅ አይወጣኝም» አለችኝ። መልስ እንድትሰጥ ጊዜ የሰጧት እስከ ፍልሰታ ፍቺ ድረስ ነበር። ማን ይለምንላት? ቅጹን የሞላው ሰውዬ ነዋ!

ሄድኩ። ገና ሳልጨርስ የኔታ እጃቸውን አነሡና፣ እዚያ አገር ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ስለ እሷ የሚሉትን ሳልሰማ አልመርቅም አሉኝ። የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ኦፔራ እየሰሙ ጋዜጣ ላይ አስተያየት መጻፍ እዚያ ሙያ ነው፤ ጥሩ ነው ሲሉ ቲኬቱ ያልቃል፣ መጥፎ ነው ሲሉ ዘፋኙ ራት አይበላም። ውባንቺ ስለ እሷ የተጻፈውን ሁሉ እየላከችልኝ እኔም በየሳምንቱ ቅዳሜ ሚኒባስ እየተሳፈርኩ ቡሬ መሄድ፣ ከቡሬም በእግር ያን ጭቃ መውጣት ሥራዬ ሆነ። ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አምስት ሆናችሁ፣ ጭናችሁ ላይ የሰው ዶሮ ይዛችሁ ስለ ኦፔራ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቤያለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። የተጻፈውን እንዳለ አላነበብኩም። አንዱ «ድምፅዋ ትልቅ ነው፤ እጆቿን ግን የት እንደምታደርጋቸው ገና አላወቀችም» ብሎ ነበር። ድምፅዋ ትልቅ ነው አልኩና አራት ነጥብ አደረግሁበት። ሌላዋ «መሐሉ ማር ነው፤ ከፍ ሲል ይሻክራል» አለች። ማሩን አነበብኩ። «ተስፋ የሚጣልባት» የሚለውን «ወደር የማይገኝላት» አደረግሁት። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት እየተባልኩ አይደል ያደግሁት? ደግሞ እናንተ ብትሆኑ ምን ልታደርጉ ነው? አንድ አዛውንት መሪጌታ ፊት ለፊታችሁ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው «ልጅዎ ከፍ ሲል ትሻክራለች» ትላላችሁ? አትሉም። እኔን ለመውቀስ ግን አንደኛ ናችሁ።

ግራ ያጋባኝ የኔታ ነበሩ። አንብቤ ስጨርስ «ሌላስ?» ይላሉ። ሌላ የለም፣ ይኸው ነው የተባለው ስላቸው ፊታቸው ይጠቁራል። አነሰባቸው መሰለኝና በሚቀጥለው ጊዜ ጨመርኩበት፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላት፣ የከተማው ሹም አበባ ላከላት አልኩ። አበባውን የላከው እኔ ነኝ፤ ሹም የሚባል በጽሑፉ ውስጥ የለም። የኔታ ይበልጥ ከፋቸው። በሦስተኛው ቅዳሜ ገና ግማሹን ሳነብ «ይበቃል» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«ትተወውና ትምጣ ብለህ ጻፍላት። ምርቃት የለኝም።»

ደነገጥኩ። ኃጢአት ነው ብለው እንደሆን ጠየቅኋቸው። የኃጢአቱን ነገር ከንስሐ አባቷ ጋር ትጨርሰዋለች፣ እኔ የጠየቅሁህ ሌላ ነው አሉኝ። ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው ብላቸው አንተ አይገባህም ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ገቡ። ሦስት ሳምንት ዶሮ ታቅፌ የመጣሁት አይገባህም ለመባል ነው። ያን ቀን ከንዴቴ የተነሣ እስከ ቡሬ ድረስ ብቻዬን እያወራሁ ነው የሄድኩት፤ ያገኘኝ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ።

ለውባንቺ ትተሽው ነይ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም። ገና እያሰቡበት ነው አልኳት። እሷ ግን ሞኝ አይደለችም። እንቢ ካሉ ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጡት፣ እኔም ወደ አጃቢዎቹ እመለሳለሁ አለችኝ። ድምፅዋ ላይ ለቅሶ ነበረበት፤ እኔም እንደ አባቷ ስለ ዝናቡ ነገርኳት።

ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት ክፉው ጽሑፍ መጣ። ከሚጽፉት ሁሉ የሚፈራ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ዘፋኞቹ ሲያዩት የሚያማትቡበት ዓይነት ሰው ነው አሉ። እሱ ውባንቺን ሰምቶ አብጠለጠላት። አንብቤ ስልኬን አጠፋሁና ትራስ ሥር ከተትኩት፤ ስልክ ትራስ ሥር ሲገባ ወሬው የሚታፈን ይመስል። ለካ ጌትነት የውባንቺን ስም ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ጽሑፉን አግኝቶት፣ ስልኩ ላይም ጽሑፍ የሚተረጉም ነገር ጭኖ ኖሯል። «ሴት ልጅ ትንፋሽን ሰረቀች፣ ደረጃ ላይ ወደቀች» የሚል አማርኛ አወጣለትና ለደንበኛው ሁሉ አነበበ። ከተማው ተቆጣ። ልጃችንን ሌባ አላት ብሎ የፎከረም ነበር። ወሬ እግር አያስፈልገውም፤ በገበያተኛ በርበሬ ተጭኖ ቡሬ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን አንድ ዲያቆን ከየኔታ ዘንድ መጥቶ በሬን አንኳኳና «‹ያስቀረኸውን ይዘህ ና› ብለዎታል» አለኝ።

ያቺን መንገድ እንዴት እንደሄድኳት እኔ ነኝ የማውቀው። የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። አጠገባቸው እንድቀመጥ አላሉኝም። ከፊታቸው ቆሜ እንደ ተማሪ አነበብኩ፤ በዚህ ጊዜ ምንም አልዘለልኩም።

«በሁለተኛው ክፍል ዘግይታ ገባች። ትንፋሽዋን ከቃሉ መሐል ወሰደች። ከላይ እየተንከባለለ በሚወርደው ዜማ ላይ ሦስተኛውን እርከን ሳትረግጥ ዘላው ወረደች። ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ በማግስቱ ተመልሼ ሰማኋት፤ እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ አጠፋች።»

«ድገመው» አሉ። ደገምኩት። አሁንም ድገመው አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ሰውዬው በእውነት በማግስቱ ተመልሶ መሄዱን ጠየቁኝ። ሄዷል አልኳቸው። ያቺኑ ቦታ ጠብቆ መስማቱን ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሽማግሌ አስለቀስኩ ብዬ ላባብላቸው ጎንበስ አልኩ። ጋቢውን ሲገልጡት ግን እየሳቁ ነበር፤ እንባም አለበት፣ ግን ሳቅ ነው።

«እኔ ስንቱን ደቀ መዝሙር አሳደግሁ» አሉ። «የሚሆነውን ልጅ እቆጣዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ፣ አንዲቱን ቃል ሳስደግመው እውላለሁ። የማይሆነውን ግን አላደክመውም። ደግ ነው ልጄ፣ በቃህ ብዬ መርቄ አሰናብተዋለሁ፤ ቤቱ ገብቶ ይረስ። አንተ ሦስት ጊዜ መጥተህ ደግ ነው፣ ደግ ነው አልኸኝ። አበባም ሰጧት አልኸኝ። ልጄን በትሕትና እያሰናበቷት መሰለኝ እኮ! ተዋርዳ ከምትባረር በጊዜ ትምጣ ብዬ ነው።»

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለውን ተረት ስንት ዓመት ለተማሪ ሳስተምር ስለ ማን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ልጅቱን ላስመርቅ ብዬ ላስባርራት ምን ቀረኝ?

የኔታ ደውልላት አሉ። ኔትወርክ የሚገኘው ከደብሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ክንዳቸውን ይዤ ወጣን። ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ያዙት። ውባንቺ «አባቴ» ስትል እንዴት አደርሽ እንኳን አላሏትም።

«ትንፋሽሽን ከቃል መሐል አትውሰጂ። ይህን ሰባት ዓመትሽ ላይ ነግሬሻለሁ።»

  ከወዲያ በኩል የልጅቱ ለቅሶ ተሰማ፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰችው። የኔታ አላባበሏትም። የፈረንጁን ዜማ ስለማያውቁት ከራሳቸው ዜማ የሚወርድ አንድ አንሥተው፣ ሦስተኛዋን እርከን ረግጠው አወረዱላትና ተቀበዪኝ አሏት። አንድ ጊዜ ተሳሳተች፤ መለሷት። እንደገና አለችው። ከዚያ ምርቃቱ ጀመረ። የጎጃም መሪጌታ ሲመርቅ አጭር ነው ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ የስልኬ ባትሪ አሜን ሳይባል አለቀ። የሚበቃትን ያህል ግን ሰምታ ኖሮ በማግስቱ ፈረመች።

እዚህ ላይ ወጉ ቢያልቅ ለእኔም ጥሩ ነበር። ትርኢቱ ደረሰ፤ ውባንቺ ዋናዋ ሆና ዘፈነች። ጌትነት ያን ቀን ደንበኛ ሁሉ እየከለከለ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ዋለ። ያ የሚፈራው ሽማግሌም ሄዶ ሰምቶ ጻፈ። ውባንቺ ጽሑፉን ልካልኝ «ለአባቴ ያንብቡልኝ» አለች። አነበብኩትና ራሴን ያዝኩ። እንከን የሚባል አንድም አልተገኘበትም። ከላይ እስከ ታች ምስጋና ነው። ጭራሽ! በሕይወቴ የሰው መወደስ እንደዚያ አናድዶኝ አያውቅም። ይህን ይዤ የኔታ ፊት እንዴት ልቁም? ልጄን በቃሽ አሏት ብለው በድንጋጤ ቢታመሙስ?

ሚኒባሱ ውስጥ እያለሁ ሁለት ስሕተት ፈለሰፍኩ። እርግማን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል፤ ስንት ሳምንት ነቀፌታ ስሰርዝ ከርሜ አሁን ነቀፌታ ጨማሪ ሆንኩ። የኔታ ዘንድ ደርሼ መነጽሬን አደረግሁና፣ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ቸኮለች፣ በመጨረሻውም ላይ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ ብሎ ጽፏል አልኩ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። 

«መቸኮሉ የሷ ነው፤ ስትፈራ ትቸኩላለች» አሉ። «መንቀጥቀጡ ግን ያንተ ነው። ስታነብ ሰምቼሃለሁ። አሁን የተጻፈውን አንብበው።»

ምን ምርጫ አለኝ? አነበብኩት። ሽማግሌው «ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ አዳራሽ ተቀምጬ የዘፋኝ ጥፋት ስመዘግብ ኖሬአለሁ፤ ትናንት ማታ ብዕሬን ከኪሴ አላወጣሁም» ብሎ ነው የጀመረው። እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። የኔታ ድገመው አላሉም። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ወደ ሜዳው አሻግረው ሲያዩ ቆዩ። እኔም በቃ፣ ዛሬ የአባት ልብ አሸነፈ ብዬ መነጽሬን ማጠፍ ጀመርኩ።

«ምስኪን» አሉ የኔታ። «ሰውዬው አርጅቷል። ሌላ የሚሰማት ይፈልጉላት ብለህ ጻፍ።»